የኖርማን ወንበር

«ለኖርማን ወንበር አይዘረጋም። ጊልበርት ቁርጡን ተናግሯል» አለች ክላውዴት።

ለዴልፊን አይደለም የተናገረችው። ከላይኛው ፎቅ በረንዳ ላይ ሆና ለእህቷ በስልክ ነው ያወራችው። ግን አሜሪካ ውስጥ ዉንሶኬት ከተማ ያለ ባለ ሦስት ፎቅ የእንጨት ቤት ምስጢር አይችልም፤ ላይ ያለው ሲያስነጥስ መሃል ያለው ይማርህ ይላል፣ ታች ያለው ደሞ ማን ነው ጉንፋን የያዘው ብሎ ይጠይቃል። የሟቹ የኖርማን ሚስት ዴልፊን መሃለኛው በረንዳ ላይ አንሶላ ታሰጣ ነበር። የልብስ መቆንጠጫውን በጥርሷ እንደያዘች ደርቃ ቀረች። መስማት መቼም ኃጢአት አይደለም፤ እግዜር ለዓይን ቆብ ሰጠ እንጂ ለጆሮ አልሰጠ።

«እሷማ ታሳዝነኛለች» ቀጠለች ክላውዴት ከላይ። «ምን ታድርግ ምስኪን። ግን እህቴ፣ ያዋረደን እኮ እሱ ነው። ዛሬም ሌላ ከተማ ስንሄድ አጭበርባሪዎች ይሉናል። ባለፈው ጊዜ የተነፈሰ ኳስ ነው የወረወሩብን፣ መኪናችን ላይ። ለዚህ ሰው ወንበር ይዘርጋ ነው የምትዪኝ? ... አይ፣ ቀብሩማ አልሄድኩም። ጉልበቴን አሞኝ።»

ጉልበቷንስ አላመማትም። ያን ዕለት ቤተክርስቲያኑ አዳራሽ ቢንጎ፣ ያንን የቁጥር ዕጣ፣ ስትጫወት ያያት አይቷታል፣ ያውም ከወንበሯ ብድግ ቁጭ እያለች። ዴልፊን ይሄንን ያኔውኑ ሰምታ በሆዷ ይዛው ነበር። አሁን ግን አንጀቷን የቆረጣት የጉልበቱ ነገር አይደለም። የወንበሩ ነው።

ወንበር ለሌላው ሰው መቀመጫ ነው። ለነሱ ግን እንደዚያ አይደለም። የአሜሪካ እግር ኳስ ቡድናቸው ሰማያዊዎቹ እሁድ በሜዳቸው ሲጫወቱ፣ የኖርማን ጓደኞች እነ ጊልበርት ገና በጠዋቱ ስታዲየሙ መኪና ማቆሚያ ላይ ይሰፍራሉ፤ ሁልጊዜ ያችው የመብራት ምሰሶ ሥር፣ አባቶቻቸው ይቆሙባት የነበረችው ቦታ። ከሰል ይቀጣጠላል፣ ሥጋ ይጠበሳል፣ ቢራ ይከፈታል፣ የማይታማ ሰው አይኖርም። ከመሃላቸው አንዱ የሞተ እንደሆነ፣ በሚቀጥለው የውድድር ዓመት የመጀመሪያው ጨዋታ ቀን የሟቹ ተጣጣፊ ወንበር ከምድጃው አጠገብ ይዘረጋል። ማንም አይቀመጥበትም። ሲጠጣው የኖረው ቢራ ተከፍቶ እግሩ ሥር ይቀመጣል። የስታዲየሙ በር ተከፍቶ ሰው መግባት ሲጀምር፣ ሁሉም በየተራው የወንበሩን ጀርባ መታ መታ አድርጎ፣ ሟቹን በስሙ ጠርቶት ይገባል። በቃ። ቄሱ የሚሉት ለእግዜር ነው፤ ይሄኛው ለሰው ነው። ወንበር ያልተዘረጋለት ሰው እዚያች ቦታ ከነጭራሹ ቆሞባት እንደማያውቅ ነው የሚቆጠረው።

ለጊልበርት አባት ተዘርግቷል። ለአርማንድ ሚስት ተዘርግቷል። ሌላው ቀርቶ ከአንዲት ፀጉር ሠሪ ጋር ፍሎሪዳ ጠፍቶ እዚያው ለሞተው ለክላውዴት የመጀመሪያ ባል እንኳ ተዘርግቷል። ቢራውን የከፈተችለት ራሷ ክላውዴት ናት፤ ፀሐይ ላይ ሲንተከተክ የዋለውን መርጣ መሆኑ ሌላ ጉዳይ ነው።

ኖርማን ደሞ ከሁሉም ይልቅ ለቡድኑ የቀረበ ሰው ነበር። ሲቀልዱበት «ኳስ አሺው» ይሉታል፤ ሥራው ነዋ፤ በዚህ ጨዋታ እያንዳንዱ ቡድን የሚወረውረውን ኳስ ራሱ ያሰናዳል። ያ እንቁላል የመሰለ ኳስ ከፋብሪካ ሲመጣ እንደ ረጠበ ሳሙና ከእጅ ያመልጣል። ኖርማን በብሩሽ ይፈትገዋል፣ በእርጥብ ፎጣ ያሸዋል፣ ቅባት ይቀባዋል፣ ያደርቀዋል፣ እንደገና ያሸዋል፤ የወርዋሪው ጣት ሲያርፍበት ቆንጥጦ እንዲይዝለት። ከዚያ በመርፌ አየር ይሞላዋል፣ ዳኞቹም ለክተው ያሳልፉታል። ዕድሜውን በዚህ ጨረሰ። ቤት ሲገባ እጁ ቆዳ ቆዳ፣ ዘይት ዘይት ይሸታል። ዴልፊን በሙሽርነቷ እጅህን ታጠብ ትለው ነበር፤ ኋላ ተወችው።

ወርዋሪው ኮልቢ ሬንዳል ነው። ኮልቢን የማይወድ ሰው እዚያ አካባቢ ከተገኘ ከሌላ ቦታ የመጣ ነው። ትልቁን ዋንጫ ያመጣላቸው እሱ ነው፣ በዚያ በጥር ብርድ። ሰው መንገድ ላይ አለቀሰ፣ የማይተዋወቅ ሁሉ ተቃቀፈ። ደስታው ሳይበርድ ግን ተሸናፊዎቹ «የነዚህ ሰዎች ኳስ ለስላሳ ነበር» አሉ። ተለካ። አየሩ ጎድሎ ተገኘ። ዳኞቹ ካሳለፉት በኋላ አንድ ሰው አየሩን ቀንሶታል፣ ወርዋሪው ጨበጥ አድርጎ እንዲይዘው ነው ተባለ። መርማሪ መጣ። ኮልቢ ማይክሮፎን ፊት ቆሞ፣ በዚያ በሚያምር ጥርሱ ፈገግ ብሎ፣ «እኔ መወርወር እንጂ ስለ አየር ምን አውቃለሁ» አለ። ኖርማን ምንም አላለም። ለመርማሪውም ምንም፣ ለጓደኞቹም ምንም። ክለቡ «ለሁሉም የሚበጀው ይሄ ነው» ብሎ አሰናበተው።

ከዚያ ወዲህ ስልካቸው መጮህ ተወ። ኖርማን ከቤቱ ሥር ያለው ዕቃ ቤት ወርዶ ይቀመጣል፤ ጨዋታ ሲኖር ቴሌቪዥኑን ይከፍትና ድምፁን ያጠፋዋል። በፀደይ ሞተ። ሐኪሙ ልብ ነው አለ። ልብ መሆኑንማ ዴልፊን ያለ ሐኪምም ታውቀው ነበር።

አንሶላውን ገመዱ ላይ እንደተንጠለጠለ ትታ ኦዴት ዘንድ ወረደች። ኦዴት የታችኛው ፎቅ ጎረቤቷ ናት፣ ፖርቱጋል አገር ተወልዳ በልጅነቷ የመጣች። ለሾርባ የሚሆን ጎመን እየከተፈች ነበር።

«ሰማሽ?» አለች ኦዴት፣ ዴልፊን ገና በሩን ሳትዘጋው።

«ምኑን?»

«ምኑን ትለኛለች። ክላውዴት ላይ ሆና ስታወራ የኔ ቧንቧ ይንቀጠቀጣል። እኔ የሰማሁትን አንቺ ሳትሰሚው?»

ዴልፊን ወንበር ስባ ተቀመጠች። «አልሄድም በቃ። ይቅርብኝ። ያለሱም ይጫወቱ።»

«ትሄጃለሽ። ያንን የአሳማ ሥጋ ፓይሽን ጋግሪ፣ የሰውዬሽን ወንበር ያዢ፣ እኔ እነዳለሁ።»

«አንቺ ከነዳሽማ ስታዲየም ሳይሆን ኖርማን ዘንድ ነው የምንደርሰው።»

«እሱም ጥሩ ነው፤ ራሱን ጠይቀነው እንመለሳለን።» ኦዴት ሳቀች፤ ከዚያ ሳቋ ቆመ። ቢላዋን አስቀምጣ እጇን በሽርጧ ጠረገች። «አንድ ነገር ልጠይቅሽ፣ እንዳትቀየሚኝ። እኔ እንደምታውቂው ጨዋታው አይገባኝም፣ ቋሊማዬን ይዤ ለወሬው ነው የምሄደው። ግን ሰውየው አድርጎታል?»

ዴልፊን ጎመኑን አየች። «አልነገረኝም» አለች።

ኦዴት ትንሽ አየቻትና ወደ ጎመኗ ተመለሰች። «ደግ» አለች።

ነግሯት ነበር። ሆስፒታል ተኝቶ ሳለ፣ ከሰዓት በኋላ፣ ፀሐይዋ ብርድ ልብሱ ላይ ስታርፍ። እጆቹ ዝም አይሉም ነበር፤ የብርድ ልብሱን ጠርዝ ጠቅልለው ይዘው ያሻሉ፣ ያሻሉ፣ እንደዚያው እንደለመዱት። እሷ እጁን ልትይዝለት ስትል ነው የተናገረው። «ኮልቢ፣ ልጁ፣ ለስለስ ያለ ኳስ ይወዳል» አላት። «መጥቶ ትከሻዬን ይይዝና ‹ኖርማን፣ እስቲ ትንሽ ላላ አድርግልኝ› ይለኛል። በስሜ ጠርቶኝ እኮ ነው። እዚያ ክለብ ውስጥ ስሜን የሚያውቅ ስንት ሰው ነበር? እምቢ እንዴት እላለሁ።»

እና ለምን አልተናገርክም፣ አለችው። ለምን ብቻህን ተሸከምከው።

«ምን ብዬ? ጊልበርትና አርማንድ ያንን ልጅ ይወዱታል» አለ። «የከተማው ፋብሪካ ተዘጋባቸው፣ ልጆቻቸው ርቀው ሄዱ። ከሱ ሌላ ምን አላቸው? እኔ ስሞት ይረሱኛል፤ እሱን አትንኪባቸው። ቃል ግቢልኝ።»

ቃል ገባች። ለሚሞት ሰው ቃል መግባት ቀላል ነው፤ ክብደቱ የሚመጣው ከቀብር በኋላ ነው።

መስከረም ገባና የመጀመሪያው ጨዋታ ቀን ደረሰ። ኦዴት ነዳች፣ ዴልፊን ዓይኗን ጨፍና ጸለየች፣ በሰላም ደረሱ። መኪና ማቆሚያው ጢም ብሏል። ጢስ ነው፣ ሙዚቃ ነው፣ ዞር ባሉበት ሁሉ ጀርባው ላይ የኮልቢን ቁጥር ያደረገ ሰው ነው። አዛውንቱም፣ ሕፃኑም፣ አንዱማ ውሻውን አልብሶታል። ዴልፊን ወንበሩን አንድ እጇ ላይ፣ ፓዩን ሌላ እጇ ላይ አድርጋ በመኪኖቹ መሃል ስትመጣ፣ ምሰሶው ሥር ያሉት አላዩዋትም። ክርክር ላይ ነበሩ። በምን ይሆናል ክርክሩ።

«ብርድ ነው እያልኩህ» ይላል አርማንድ። አርማንድ ድሮ አውቶቡስ ነጂ ነበር፣ አሁን ጡረታ ወጥቶ ጎረቤት ያደርቃል። «በየክረምቱ የመኪናዬ ጎማ ይጎድላል። ማን መጥቶ አጎደለው? ኖርማን ነው ከአልጋው ተነስቶ የመጣው?»

«የነሱስ ኳስ?» ትላለች ክላውዴት። «የዚያኛው ቡድን ኳስ እዚያው ሜዳ ላይ አልነበረም? ብርዱ ማልያ አይቶ ነው የሚመርጠው?»

«የነሱን ደህና አድርገው አልለኩትማ።»

«አንተም ጎማህን ደህና አድርገህ አልለካኸውም።»

«ሁሉም ያደርገዋል» አለ ጊልበርት፣ ሥጋውን እያገላበጠ። ምድጃው የሱ ነው፤ ማንም አይነካበትም። «አንዱ ጓንቱ ላይ ሙጫ ይቀባል። አንዱ የሰው ልምምድ ተደብቆ በካሜራ ያነሳል። የኛ ሲሆን ነው ዓለም የሚንጫጫው።»

«እንግዲያው አደረግነው እያልክ ነዋ» አለ አርማንድ።

«እኛ አላልኩም። ኮልቢም አላልኩም። ኮልቢ ያንን ዋንጫ ያገኘው በክንዱ ነው፤ ድንች ብትሰጠው ድንቹን ይወረውረዋል። አንድ ሰው ነው፣ አንድ ሰው ብቻ፣ ማንም ሳያዘው ብድግ ብሎ በዚያ በመርፌው...»

እዚህ ላይ ቀና ሲል ዴልፊንን አያት። 

«ዴልፊን» አለ። «መጣሽ እንዴ። ፓይ አመጣሽ?»

«አመጣሁ። ኖርማንንም አመጣሁት» አለች፤ ፓዩን አርማንድን አስይዛ ወንበሩን ዘረጋችው፣ ከምድጃው አጠገብ። አረንጓዴ ወንበር ነው፣ የክንድ ማሳረፊያው ተቀዶ በጥቁር ክር የተሰፋ፣ ኖርማን ራሱ የሰፋው።

ክላውዴት ፀጉሯን ነካካች። «እኔ እኮ ቀብሩ ላይ ልመጣ ብዬ፣ ይሄ ጉልበቴ...»

«ቢንጎ ነው የሚያሳብጠው» አለች ኦዴት፣ ቋሊማዋን ከሳጥን እያወጣች። «እኔንም ሐኪሙ አስጠንቅቆኛል።»

አርማንድ ሳቁን በሳል ሸፈነው። ጊልበርት ግን አልሳቀም። መቆንጠጫውን አስቀምጦ ወደ ዴልፊን ቀረበ። ጊልበርት ክፉ ሰው አይደለም፤ ማንም ሳይለምነው በየክረምቱ የደጃፏን በረዶ የሚጠርግላት እሱ ነው። ዘንድሮም ይጠርጋል። ይሄ ነው ነገሩን የሚያከብደው፤ ክፉ ቢሆን ሰድባው ትሄድ ነበር።

«አንድ ነገር ብቻ ንገሪን» አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «እዚህ ያለነው ሁላችንም ቤተሰብ ነን። ኮልቢ ጠይቆት ነው ያደረገው? እሱ ጠይቆት ከሆነ ሌላ ነገር ነው። ሠራተኛ የታዘዘውን ይሠራል። ወንበሩ እዚሁ ይዘረጋል፣ ቢራውን እኔው ራሴ ነኝ የምከፍትለት። ግን ማንም ሳያዘው ከሆነ ያደረገው...» ሳይጨርሰው ተወው።

እንግዲህ አንድ ቃል ነው። አዎ ብትል ያልቃል። እውነት ነው ደሞ፤ ሐሰት ተናገሪ ያላት የለም። አዎን ጉሮሮዋ ላይ አድርሳ የጊልበርትን ፊት አየችው። ላብ አለበት። ደረቱ ላይ የኮልቢ ቁጥር አለበት፣ ታጥቦ ታጥቦ የደበዘዘ። የትኛውን መልስ እንደፈራው ዓይኑ ላይ ተጽፏል፤ ሊያርፍበት እንደተነሳ ዱላ ነበር መልሷን የሚጠብቀው። ከኋላው አርማንድ ፓዩን ታቅፎ ቆሟል። ክላውዴት እንኳ አፏን ዘግታለች፣ ብርቅ ነገር።

ከሱ ሌላ ምን አላቸው።

«ኮልቢ ምንም አያውቅም» አለች ዴልፊን።

«ኖርማን ነገረሽ?»

«ነገረኝ። ማንም አላዘዘውም። በራሱ ነው ያደረገው።»

ኦዴት ቋሊማውን መቁረጥ አቆመች። ዞር ብላ ዴልፊንን ትኩር ብላ አየቻት። ዴልፊን ዓይኗን ሰበረች።

የሦስቱም ትከሻ እኩል ወረደ። አርማንድ «እፎይ» አለ ሳይታወቀው፣ ከዚያ አፍሮ ፓዩን አሸተተ። ክላውዴት «ብያችሁ ነበር» አለች። ጊልበርት ዓይኑ ውሃ ሞላ፤ የዴልፊንን እጅ በሁለት እጁ ያዘ።

«እግዜር ይስጥሽ» አለ። «ይሄንን መናገር ቀላል እንዳልሆነ አውቃለሁ። ጨዋ ሴት ነሽ።»

ከዚያ ወንበሩን አጠፈው። ቀስ ብሎ፣ በአክብሮት፣ የተኛ ሕፃን እንደሚያነሳ ሰው። ወስዶ ከመኪናው ኋላ ጎማው ላይ አስደገፈው። «እዚሁ ነው፣ ጥላው ሥር» አላት። «ከኛው ጋር ነው። ምሰሶው ሥር ብቻ... አይሆንም። ሰው ያያል፤ ምን ይለናል። ይገባሻል አይደል?»

«ይገባኛል» አለች።

ተቀመጪ አሏት፣ ተቀመጠች። ሳህን ሰጧት፣ ያዘች። ወንበሩ የነበረበት አስፋልት ላይ የቢራ ሳጥን አስቀመጡበት። ኖርማን ያለበት ሆኖ ያየ እንደሆነ ይሄኔ ደስ ብሎታል፤ የፈለገው ሆኖለታል፣ ልጁ ከነስሙ ተርፏል። እሱን ደስ ይበለው። እሷን ማን ደስ ያሰኛት? ሳህኑ ላይ ያለው ሥጋ እየቀዘቀዘ ሄደ። እጇን ምን እንደምታደርገው አጥታ የቀሚሷን ጠርዝ ጠቅልላ ያዘች።

ሌሎቹ ግን ልባቸው ቀለለ። ወሬው ደራ። ያ ሁሉ ዓመት እንደ ዓሣ አጥንት ጉሮሯቸው ላይ ተሰክቶ የነበረው ነገር ወጣላቸዋ። አሁን ስለ ኖርማን ማውራት ቻሉ፣ ያውም እየሳቁ።

«አይ ኖርማን» አለች ክላውዴት፣ ፓዩን በሹካ እየወጋች። «ዝንብ የማይነካ መስሎ። ለማያውቁህ ታጠን አሉ።»

«እኔ መቼ ጠረጠርኩ» አለ አርማንድ። «መርፌውን ኪሱ ውስጥ ይዞ ከኛ ጋር ይበላ ነበር ማለት ነው። ምነው የኔንም ሆድ በስቶ ባስተነፈሰልኝ።»

ሳቁ። ጊልበርትም ሳቀ፣ እያዘነም ቢሆን። ቢራውን ከፍ አደረገ። «ምን ይደረግ። ሰረቀን። ስማችንን ሰረቀን፣ ሌባ ነበር። ግን የኛ ሌባ ነበር፤ ነፍሱን ይማር።»

«ነፍሱን ይማር» አሉ ሁለቱም፣ ጠጡ።

ዴልፊን አልጠጣችም።  ያላት ቃል አንድ ነበር፣ እሱንም ሰጥታዋለች።

ያኔ ኦዴት ቢላዋዋን በጨርቅ ጠረገች። ድምፅዋን ከፍ አላደረገችም። ጎረቤት ጨው ስትጠይቅ እንደምትናገረው ነው የተናገረችው።

«ሌባ ነው አላችሁ። እሺ፣ ነው ይባል» አለች። «ሌባ ሲያዝ ደሞ የሰረቀው ዕቃ ይፈለጋል። እኔ ከነሱ ታች ነው የምኖረው፣ ቤታቸው ውስጥ ምንም የለም፤ ሰውየው በባዶ እጁ ነው የተቀበረው። ዕቃው ያለው እናንተ ጋ ነው። ተሳማችሁበት፣ ሰከራችሁበት። መልሱታ። ጊልበርት፣ ካንተ ክንድ እንጀምር፤ ያን ዓመት ያስነቀስከውን ዋንጫ በዚህ ቢላ ፋቅልኝና፣ ከዚያ በኋላ የሰውየውን ወንበር እጠፍ።»

ጊልበርት ቢራውን አስቀመጠ። እጅጌውን ወደ ታች ሳበ፣ እስከ አንጓው ድረስ። አርማንድ ጫማውን አየ፣ ክላውዴት ሹካዋን። ምድጃው ላይ ያለው ሥጋ ማረር ጀምሮ ነበር፤ የሚያገላብጠው አልተገኘም።